የካርቶኑ ቁጥርና የኮን ብርድ

በ2013 ዓ.ም. ክረምት በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሳው ጦርነት ሰሜን ወሎ ሲደርስ ላሊበላና አካባቢዋ ለወራት ያለ መብራት ከረሙ። ያን ያየ ሰው ሶላርን የቅንጦት ዕቃ አይለውም። ዛሬ በዋድላዋ ኮን ጣሪያው ላይ ፓኔል ለማስገጠም የሚያስብ አባወራ ሱቅ ሲገባ የሚቸገረው በምርጫው ነው። በሁለት ኢንቨርተሮች ካርቶን ላይ «5 ኪሎ ዋት ሃይብሪድ» ተብሎ ተጽፏል፤ የቱን ይውሰድ? መልሱን የሚሰጡት የቤቱ ፍጆታና የአገሩ ደጋነት ናቸው።

ኢንቨርተር ከፓኔልና ከባትሪ የሚመጣውን ዲሲ ቤት ወደሚጠቀምበት 220 ቮልት ኤሲ ይለውጣል። ሃይብሪድ የሚባለው ደግሞ ባትሪውን ከፀሐይም ከመስመርም ይሞላል፤ መብራት ሲጠፋም ወዲያው ወደ ባትሪ ይዞራል። ከመስመር ጋር ብቻ እንዲሠራ የተዘጋጀ ኢንቨርተር ግን ፀሐይ እያለችም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይህ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ከቤት የሚወጣ ኤሌክትሪክ እንዳይዘው የተደረገ ጥበቃ ነው። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ «መስመር ሳይኖር ቤቴን ያበራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ፍጆታ ይደመራል። ባለ 10 ዋት ስድስት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት ሲበሩ 300 ዋት-ሰዓት ይወስዳሉ። ባለ 80 ዋት ቴሌቪዥን በአራት ሰዓት 320፣ ትንሽ ፍሪጅ በቀን 1,000፣ ስልክና ጥቃቅኑ 200 ቢፈጁ ድምሩ 1.8 ኪሎ ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። አሁን የኢንቨርተሩን መግለጫ ወረቀት እንይ። ብዙዎቹ ባለ 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተሮች ምንም ሳይሰካባቸው፣ በርተው በመቀመጣቸው ብቻ፣ ከ50 እስከ 70 ዋት ይበላሉ። 60 ዋት በ24 ሰዓት 1.44 ኪሎ ዋት-ሰዓት ነው፤ ማሽኑ ብቻውን ከቤተሰቡ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው! ለእንዲህ ያለ ቤት የፍሪጁን ሞተር የሚያስነሳ፣ ባዶውን ሲሆን ጥቂት የሚወስድ ባለ 2 ወይም 3 ኪሎ ዋት ይሻላል።

እንጀራውስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎ ዋት-ሰዓት ይሄዳል። ባለ 48 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ግን ሙሉ ሆኖ የሚይዘው 5 ያህል ነው። ለምጣዱ ሲል ትልቅ ኢንቨርተር የሚገዛ ሰው ባትሪውንና ፓኔሉንም አብሮ ካላሳደገ ገንዘቡ ባከነ። መስመር ሲመጣ ወይም በማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መጋገር ያዋጣዋል።

ደጋው የራሱን ጣጣ ይጨምራል። ፓኔል ሲበርደው ቮልቴጁ ይወጣል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር 0.3 በመቶ ያህል። በጀርባው የተለጠፈው ቁጥር የተለካው ግን በ25 ዲግሪ ነው። እያንዳንዳቸው 46 ቮልት የሆኑ ሦስት ፓኔሎች በተከታታይ ቢያያዙ በወረቀት 138 ቮልት ናቸው። በታኅሣሥ ውርጭ፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ፣ ፀሐይ ስትወጣባቸው ወደ 148 ይደርሳሉ። ኢንቨርተሩ የሚችለው እስከ 145 ከሆነ በአንድ ማለዳ ሊቃጠል ይችላል። አራት ፓኔል ገዝቶ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ ማያያዝ ግን ከ100 ቮልት በታች ያስቀረዋል።

አየሩም ይሳሳል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮን ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ስለሚሳሳ የኢንቨርተሩ ማራገቢያ እየዞረም ሙቀቱን በደንብ አያወጣለትም። አምራቾች ከተወሰነ ከፍታ በላይ አቅሙ እንደሚቀንስ በመግለጫው ላይ ይጽፋሉ። ስለዚህ ከሚያስፈልገው ትንሽ ከፍ ያለ አቅም መያዝ፣ በኢንቨርተሩ ዙሪያም ነፋስ የሚገባበት ክፍት ቦታ መተው ይገባል። ሊቲየም ባትሪ ግን ከዜሮ በታች መሞላት ስለሌለበት ቦታው ቤት ውስጥ ነው።

ብር ከመክፈል በፊት መግለጫ ወረቀቱን አስወጥቶ አራት ነገር ማየት ነው፦ ባዶውን የሚበላው ዋት፣ ከፓኔል የሚችለው ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ የሚሠራበት ከፍታ፣ ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰጠው ጉልበት። ወረቀቱን ማሳየት የማይችል ሻጭ ዋጋውን ቢቀንስም ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ይሻላል፤ ተቃጥሎ የሚቀየር ኢንቨርተር ሁለት ጊዜ እንደተገዛ ይቆጠራልና።