ነባር የአርማታ ወለል በጭነት ስለሚፈተንበት ዘዴ

በ2013 እና በ2014 ዓ. ም. የተደረገው ጦርነት በዋግ ኽምራ ብዙ ትምህርት ቤቶችንና የጤና ተቋሞችን ጐድቶ አልፏል። ደሃናን በመሰለ ከላቦራቶሪ በራቀ አገር አንድ የተጐዳ የአርማታ ወለል ይፍረስ ወይስ ይጠገን የሚለውን ጥያቄ ከምንመልስባቸው መንገዶች አንዱ የጭነት ፈተና ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ፣ ወለሉ ቢወድቅ ሰው እንዳይጐዳ፣ ከሥሩ ሳይነካው ድጋፍ ይቆማል። ከዚያም ጭነቱ ቢያንስ በአራት ደረጃ ይጨመራል። 10 ሳንቲ ሜትር የጠለቀ ውሃ በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ውሃ በሚቸግርበት ቦታ ግን የተመዘነ የአሸዋ ጆንያ ይበቃል። ጆንያዎቹ ተጠጋግተው ከተደረደሩ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ክብደቱን ወደ ዳር ስለሚያሻግሩት፣ በመካከላቸው ክፍተት መተው ያስፈልጋል።

በአሜሪካ የአርማታ ደንብ መሠረት ሙሉው ጭነት 24 ሰዓት ይቆያል። ጭነቱ ከተነሣ ከ24 ሰዓት በኋላ የቀረው ጉብጠት ከከፍተኛው ሩብ ካልበለጠ፣ የመሰበር ምልክትም ካልታየ፣ ወለሉ ፈተናውን አለፈ ይባላል። ለምሳሌ 8 ሚሊ ሜትር የጐበጠ ወለል ቢያንስ 6ቱን መመለስ አለበት።

ይሁን እንጂ ፈተናው የሚመሰክረው ለተፈተነው ክፍል ብቻ ነው። ብዙ ሳይጐብጥ በድንገት የሚሰበርም ስላለ፣ ከጭነቱ በፊት ስሌት ሊቀድም ይገባል እንላለን።