የተራዘመ የመኪና ዋስትና፦ ዕቃው ሲሸፈን የእጅ ዋጋውን ማን ይከፍላል?

በሻርጃ የሚኖር አንድ የደሴ ተወላጅ ወዳጃችን ባለፈው ዓመት የነሐሴ ሐሩር በበረታበት ሳምንት የመኪናው አየር ማቀዝቀዣ ተበላሸበት። ብዙም አልተጨነቀም። ያገለገለውን መኪና ሲገዛ የ2 ዓመት የተራዘመ ዋስትና አብሮ ገዝቶ ስለነበር የውሉን ወረቀት ይዞ ወደ ጋራዥ አመራ። በውሉ ዝርዝር ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣ ክፍሎች በግልጽ ሰፍረዋል። ከ4 ቀናት በኋላ መኪናውን ሊረከብ ሲመለስ ግን 1,900 ድርሃም እንዲከፍል ተጠየቀ። «ዋስትና አለኝ እኮ!» ቢልም፣ የጋራዡ ሠራተኛ በትሕትና የመለሰለት እንዲህ ሲል ነበር፦ «ዕቃው ተሸፍኖልዎታል፤ ይህ በአብዛኛው የእጅ ዋጋ ነው።» ወዳጃችን በዚያ ወር ለእናቱ ሊልከው ያስቀመጠውን ገንዘብ አውጥቶ ከፈለ።

በደረሰበት ነገር ጋራዡም ሆነ ዋስትናውን የሸጠው ድርጅት ውሉን አልጣሱም። ችግሩ ያለው «ተሸፍኗል» የሚለው ቃል ላይ ነው። ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ ጥገናው በሙሉ የተከፈለለት ይመስለዋል። ነገር ግን በብዙ የተራዘመ ዋስትና ውሎች ቃሉ በቀዳሚነት የሚያመለክተው የተበላሸውን ዕቃ ነው። ዕቃውን ለመፍታት፣ ለመለወጥና መልሶ ለመግጠም የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ራሱን የቻለ ስሌት አለው። በዘመናዊ መኪና ላይ ደግሞ የእጅ ዋጋው ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በመጀመሪያ ሁለቱን የዋስትና ዓይነቶች መለየት ያስፈልጋል። አዲስ መኪና ከአምራቹ ዋስትና ጋር ይሸጣል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በብዛት የሚታየው 3 ዓመት ወይም 100 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ የሞላው ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የአምራቹ ጉድለት የሆነ ብልሽት ቢገኝ ወካላው፣ ማለትም ሕጋዊው የአምራቹ ወኪል፣ ዕቃውንም የእጅ ሥራውንም ያለ ክፍያ ይሠራል። የተራዘመው ዋስትና ግን ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚጀምር፣ በተጨማሪ ገንዘብ የሚገዛ ሌላ ውል ነው። አንዳንዱን አምራቹ ወይም ወካላው ራሱ ይሸጠዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ከአምራቹ ጋር ግንኙነት የሌለው ሦስተኛ ወገን ይሸጠዋል። ስሙ አንድ ቢሆንም የእጅ ዋጋን የሚያስተናግዱበት መንገድ ይለያያል።

የእጅ ዋጋ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፦ የሥራው ሰዓትና የአንድ ሰዓት ክፍያ። ሰዓቱ መካኒኩ በእጁ ሰዓት የሚለካው ብቻ አይደለም። አምራቾች ለእያንዳንዱ የጥገና ዓይነት ይህን ያህል ሰዓት ይበቃል የሚል ሰንጠረዥ ያዘጋጃሉ። በአሜሪካ እንደ ሚቸልና ቺልተን ያሉ አሳታሚዎችም ተመሳሳይ መመሪያ በማውጣት ይታወቃሉ። ሰንጠረዡ 3 ሰዓት ካለ፣ መካኒኩ በ2 ሰዓት ቢጨርሰውም በ5 ሰዓት ቢጨርሰውም ዋስትና ሰጪው የሚያስበው የ3 ሰዓት ነው። የሰዓቱ ክፍያም እንዲሁ የተገደበ ሊሆን ይችላል። ጋራዡ የፈለገውን ዋጋ ቢጠይቅ፣ ውሉ «በሰዓት ከዚህ አይበልጥም» ብሎ ጣሪያ ካስቀመጠ ልዩነቱ የመኪናው ባለቤት ዕዳ ይሆናል።

የወዳጃችንን ሒሳብ በዚህ መንገድ ዘርዝረን ስናየው ምስጢሩ ይገለጣል። የተበላሸው ኢቫፖሬተር የሚባለው፣ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል ነው። ዕቃው 900 ድርሃም ያወጣል። የተቀመጠው ግን በዳሽቦርዱ ውስጥ ስለሆነ እርሱን ለማግኘት ዳሽቦርዱ በሙሉ መፈታት አለበት። ጋራዡ የ9 ሰዓት ሥራ በሰዓት 250 ድርሃም አስቦ 2,250 ድርሃም ጠየቀ። ዋስትና ሰጪው በሰንጠረዡ መሠረት 7 ሰዓት፣ በውሉ ጣሪያ መሠረት ደግሞ በሰዓት 150 ድርሃም አስቦ 1,050 ድርሃም ብቻ ተቀበለ። የ1,200 ድርሃም ልዩነት ተፈጠረ። ብልሽቱን ለመፈለግ የፈጀው 2 ሰዓት 500 ድርሃም ሲሆን ውሉ የምርመራ ክፍያን አይሸፍንም። በመጨረሻም ደንበኛው በእያንዳንዱ ጥገና ከኪሱ የሚችለው 200 ድርሃም አለ። ድምሩ 1,900 ድርሃም ነው። ከ3,650 ድርሃሙ ጠቅላላ ሒሳብ ዋስትናው የከፈለው 1,750 ብቻ፣ ማለትም ከግማሽ በታች ነው።

ለምርመራ የሚከፈለው ገንዘብ ከሁሉ ይልቅ ሰዎችን የሚያስገርም ነው። መካኒኩ ብልሽቱን ሳያገኝ ዕቃው በዋስትና ይሸፈን አይሸፈን ሊታወቅ አይችልም። ስለዚህ ብዙ ውሎች የምርመራውን ዋጋ የሚከፍሉት የተገኘው ብልሽት የተሸፈነ ከሆነ ብቻ ነው፤ አንዳንዶቹ ጨርሶ አይከፍሉም። ሞተር ወይም ካምቢዮ ከፍቶ ማየት ሲያስፈልግ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ዋስትና ሰጪው ጋራዡ እንዲከፍተው ይጠይቃል፤ የመኪናው ባለቤትም ለመክፈቻው ኃላፊነት ይወስዳል። ከተከፈተ በኋላ ጉዳቱ የመጣው ዘይት በወቅቱ ባለመለወጡ ነው ከተባለ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል፤ ተፈትቶ የተቀመጠው ሞተርም የመክፈቻውም የመግጠሚያውም ዋጋ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። በዚህ ሐሩር አገር የዘይትና የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ለውጥ ደረሰኞችን አንድ ሳይቀር በፋይል መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የእጅ ዋጋ ስሌት ለደንበኛው የሚጠቅምበት አጋጣሚም አለ። አንድ ሥራ ሲሠራ ሌላው አብሮ ከተፈታ፣ ለሁለቱ የሚቆጠረው የመፍቻ ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ሊሆን ይገባል። ለምሳሌ በብዙ ሞተሮች ላይ የውኃ ፓምፑን ለመለወጥ የታይሚንግ ቺንጊያው ይወርዳል። ፓምፑ በዋስትና የተሸፈነ፣ ቺንጊያው ግን በአገልግሎት ብዛት የሚያልቅ ዕቃ በመሆኑ ያልተሸፈነ እንበል። ባለቤቱ ቺንጊያውን በዚያው አጋጣሚ ቢለውጠው መክፈል ያለበት በዋናነት የቺንጊያውን ዋጋ ነው፤ የመፍቻው ሰዓት በፓምፑ ሒሳብ ውስጥ ተቆጥሯልና። ደረሰኙ ላይ ያው ሰዓት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ከተገኘ መጠየቅ መብት ነው። በተቃራኒው፣ የተሸፈነ ዕቃ የተበላሸው ባልተሸፈነ ዕቃ ምክንያት ከሆነ የሁለቱም የእጅ ዋጋ በባለቤቱ ላይ ሊመጣ ይችላል።

ጥገናው የሚካሄድበት ቦታም ሒሳቡን ይለውጣል። ዋስትናውን የሸጠው ወካላው ራሱ ከሆነና መኪናው በእርሱ ጋራዥ ከተሠራ፣ የሰዓቱ ዋጋ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ልዩነት የመፈጠሩ ዕድል ይቀንሳል። በሦስተኛ ወገን ውል መኪናው ወካላ ዘንድ ከተወሰደ ግን የወካላው የሰዓት ክፍያ ብዙ ጊዜ ከውሉ ጣሪያ ከፍ ያለ ነው። በሰናዒያ፣ ማለትም በኢንዱስትሪ ሠፈር፣ ያለ ጋራዥ ርካሽ ሊሆን ቢችልም ውሉ የሚቀበለው የተመረጡ ጋራዦችን ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ አንዳንድ ድርጅቶች ለጋራዡ በቀጥታ ሲከፍሉ፣ ሌሎች ደንበኛው ከፍሎ ደረሰኝ እንዲያመጣ ያደርጋሉ። ከሁሉ በላይ፣ ድርጅቱ ቅድመ ፈቃድ ሳይሰጥ የተሠራ ሥራ በአብዛኛው አይከፈልም።

ውሉ በዓረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ጥቂት ቃላትን ለይቶ ማወቅ ብዙ ያድናል። የዓረብኛው «ኡጅረቱል የድ» ቃል በቃል የእኛው «የእጅ ዋጋ» ነው። «ቂጠዕ ጊያር» መለዋወጫ፣ «ፈሕስ» ምርመራ፣ «ተሐሙል» ደግሞ ደንበኛው ከኪሱ የሚችለው ድርሻ ነው። ውሉ ስለ ቂጠዕ ጊያር በሰፊው አትቶ ስለ ኡጅረቱል የድ ዝም ካለ፣ ዝምታው ለደንበኛው ይጠቅማል ብሎ መገመት አይገባም። ውሉ በሁለት ቋንቋ ከተዘጋጀም ዓረብኛውን የሚያነብ ሰው ቢያየው ይመረጣል፤ የአገሩ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ዓረብኛ ነውና። ታክሱንም መርሳት አይገባም። በኤምሬትስ 5 በመቶ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ከሐምሌ 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 15 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ በእጅ ዋጋም ላይ ይታሰባል።

ለሙስሊም አንባቢ ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ገረር ያለበትን፣ ማለትም ውጤቱ ያልታወቀና ለጥርጣሬ የተጋለጠን ሽያጭ ከልክለዋል። የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1985 በጅዳ ባካሄደው ጉባኤ የንግድ ኢንሹራንስ ከፍተኛ ገረር ያለበት በመሆኑ እንደማይፈቀድ፣ በመረዳዳት ላይ የተመሠረተው የትብብር ኢንሹራንስ ግን አማራጭ መሆኑን ወስኗል። በርካታ ዑለማዎች አምራቹ ከመኪናው ዋጋ ጋር አካቶ የሚሰጠውን ዋስትና ሲፈቅዱ፣ ለብቻው በገንዘብ የሚሸጠውን የተራዘመ ዋስትና ከንግድ ኢንሹራንስ ጋር ያመሳስሉታል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የሚያምኑትን ዓሊም መጠየቅ ተገቢ ነው። ሲጠይቁም ውሉን ይዘው ቢቀርቡ፣ መልሱ በስሙ ላይ ሳይሆን በይዘቱ ላይ ይመሠረታል።

ከመፈረም በፊት ለሻጩ የሚቀርቡ ጥያቄዎች አምስት ናቸው። አንደኛ፣ የእጅ ዋጋ ተሸፍኗል ወይ? በሰዓት እስከ ስንት? ሁለተኛ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው በማን ሰንጠረዥ ነው? ሦስተኛ፣ የምርመራና የመክፈቻ ዋጋን ማን ይከፍላል? አራተኛ፣ ከኪሴ የምችለው ስንት ነው? በአንድ ጥገና ላይ የሚከፈለው ከፍተኛ መጠንስ? አምስተኛ፣ የትኞቹ ጋራዦች ተቀባይነት አላቸው? መልሱ በቃል ብቻ ከሆነ እንዳልተመለሰ ይቆጠር፤ በጽሑፍ ይጠየቅ። መኪናው ጋራዥ ከገባ በኋላም ሥራው ሳይጀመር ዋስትናው የሚከፍለውና ባለቤቱ የሚከፍለው ተለይቶ እንዲጻፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በደል ደረሰብኝ የሚል ሰው መሄጃ አለው። በኤምሬትስ የ2020 የፌዴራል ሕግ ቁጥር 15 ሸማቹ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አቅራቢውም የገባውን ዋስትና እንዲፈጽም ያስገድዳል። በሳዑዲ ዓረቢያ የንግድ ሚኒስቴር በ1900 የስልክ መስመር የሸማቾችን አቤቱታ ይቀበላል። ነገር ግን አቤቱታ የሚረዳው ውል ሲጣስ ነው። ውሉ ራሱ የእጅ ዋጋውን በደንበኛው ላይ ከጣለና ደንበኛው ከፈረመ፣ አቤት ማለት ብዙም አያስገኝም።

ወዳጃችን ውሉን ወደ ቤቱ ወስዶ ያነበበው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነበር። የሰዓቱ ጣሪያ በ6ኛው ገጽ ላይ፣ በሁለት መስመር ተጽፎ አገኘው። ዘንድሮ ታናሽ ወንድሙ መኪና ሊገዛ ሲዘጋጅ፣ ሻጩ ስለሚሸፈኑት ዕቃዎች ማብራራት እንደጀመረ አቋርጦ በመጀመሪያ የጠየቀው ስለ «ኡጅረቱል የድ» ነበር።