ጅቡ ከውጭ፣ ከሰሉ ከውስጥ

በዚህ ክረምት ቤተሰብዎን ይዘው ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ አስበዋል? የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታውም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሌሊት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ከጫካው የጅብ ድምፅ ሲሰማ፣ ልጆች «ይገባ ይሆን?» እያሉ ብርድ ልብስ ውስጥ መሸጎጣቸው አይቀርም።

በሩን ይዝጉ፤ የተረፈ ምግብ ደጅ አያሳድሩ፤ ልጆች በጨለማ ብቻቸውን እንዳይወጡ ያድርጉ። ይህን ካደረጉ ጅቡ ብዙም ሊያሳስብዎት አይገባም።

ይልቅ የሚያሰጋው ለብርዱ ተብሎ ወደ መኝታ ክፍል የሚገባው ከሰል ነው። ጭሱ ቢጠፋም ከፍሙ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ስለዚህ የከሰል ማንደጃ አብሯችሁ አይደር። በምትኩ ጋቢ፣ ደረቅ ካልሲና ትኩስ ሻይ በፔርሙስ ይያዙ።

ውሻዎንም ቤት ይተዉት። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል።

ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ልጆችዎን ወደ መስኮቱ ይጥሯቸው። በዲንሾ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ሲግጡ ማየት የተለመደ ነው። ልጆቹ ለመቅረብ ይጓጓሉ፤ እርስዎ ግን ከሩቅ መመልከትን ያስተምሯቸው።