በነፃ የሚገኝ፣ ነፃም የሆነ፦ የጽሑፍ ኤዲተር አመራረጥ

«ሰላም» የሚለውን ቃል በቴክስት ኤዲተር ጽፈው በዩቲኤፍ-8 ቢያስቀምጡት ፋይሉ 9 ባይት ብቻ ይሆናል። ሦስት ፊደል፣ ለእያንዳንዱ 3 ባይት። ያንኑ ቃል በማይክሮሶፍት ዎርድ ሲያስቀምጡት ግን ፋይሉ በሺዎች የሚቆጠር ባይት ይይዛል። ትርፉ የፎንቱ ስም፣ የፊደሉ መጠን፣ የኅዳጉ ስፋት፣ የጸሐፊው ስም፣ የተጻፈበት ቀንና ይህን የመሰለው ሁሉ ነው። ለማመልከቻና ለመጽሐፍ ገጽ ያስፈልጋል፤ ለኮድ ግን እንቅፋት ነው። በፓይተን የተጻፈ ፕሮግራም ከተጻፈው ፊደልና ምልክት ሌላ ነገር ከተቀላቀለበት አይሠራም።

ኤዲተር የምንለው እንግዲህ የተየብነውን ፊደል ብቻ የሚያስቀምጥልንን ፕሮግራም ነው። ለፕሮግራመር የግድ ነው። ማስታወሻ ለሚይዝ፣ መጣጥፍ ለሚጽፍ፣ ቃለ ጉባኤ ለሚመዘግብ ሰውም ትልቅ ጥቅም አለው፤ እንዲህ የተቀመጠ ጽሑፍ የአንድ ኩባንያ ፕሮግራም እስረኛ አይሆንም። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ይከፈታል።

የዚህን ዋጋ የአማርኛ ጸሐፊ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ፊደላችን ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የጋራ ቁጥር ወደሚሰጠው ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር አዘጋጅ ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ስለዚህ ኤዲተር ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «በዩቲኤፍ-8 ያስቀምጣል ወይ?» የሚለው ነው። ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 የነደፉትን ይህን የዩኒኮድ ቁጥሮችን በባይት የማስቀመጥ አሠራር ከዚህ በታች የምናስተዋውቃቸው ኤዲተሮች ሁሉ ያውቁታል።

ሁለተኛው ጥያቄ የነፃነት ነው። አማርኛ ልዩነቱን በአንዲት «በ» ያሳየናል። «በነፃ» ሲባል ገንዘብ አይከፈልበትም ማለት ነው። «ነፃ» ሲባል ግን ምንጭ ኮዱን ማንም ማየት፣ ማሻሻልና ለሌላው ማካፈል ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛው ለምን እንደሚያስፈልግ አተም የተባለው ኤዲተር ታሪክ ይነግረናል። የኮድ ማከማቻ ድረ ገጹ ጊትሃብ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ ያቀረበውን ይህን ኤዲተር በ2022 መጨረሻ ላይ አቆመው። ኮዱ ክፍት ስለነበር ግን ወዳጆቹ ፑልሳር በሚል ስም ቀጠሉበት። በአተም የተጻፉት ፋይሎችም በየትኛውም ሌላ ኤዲተር መከፈታቸው አልቀረም።

አሁን ወደ ትውውቁ እንግባ።

ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ የዊንዶውስ ኤዲተር ነው። ዶን ሆ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ሲሆን በነፃ የሚገኝ፣ ነፃም የሆነ ነው። በጣም ቀላል ስለሆነ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንኳን ወዲያው ይከፈታል። የተየቡትን በየጥቂት ሴኮንዱ በመጠባበቂያ ስለሚይዝ፣ ሴቭ ሳያደርጉ መብራት ቢጠፋ ጽሑፍዎን መልሰው የማግኘት ዕድልዎ ሰፊ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው ይህ ብቻውን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው።

ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ያስተዋወቀው ሲሆን በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ኮድ ሲጽፉ ስሕተቱን ያመለክታል፣ የጀመሩትን ቃል ይጨርሳል፣ ለየፕሮግራም ቋንቋው ተጨማሪዎችን ይጭናል። የምንጭ ኮዱ ክፍት ነው፤ ማይክሮሶፍት አዘጋጅቶ የሚያድለው ፕሮግራም ግን የራሱ ፈቃድ አለው፣ ካላጠፉት በቀር የአጠቃቀም መረጃም ይልካል። ይህን የማይፈልግ ሰው ከዚያው ኮድ የተሠራውን ቪኤስኮዲየምን መጫን ይችላል። ሁለቱም ብዙ ራም ይፈልጋሉ።

ቪም በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ገጽ፣ የሚሠራ ኤዲተር ነው። መሠረቱ ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 የጻፈው ቪአይ ሲሆን፣ ሆላንዳዊው ብራም ሞልናር በ1991 ቪምን አወጣው። ብራም በዩጋንዳ ኪባሌ በበጎ ፈቃደኝነት ሠርቶ ነበርና፣ ቪምን የወደደ ሁሉ በዚያ ያሉትን ሕፃናት እንዲረዳ ይጠይቅ ነበር፤ ልመናው ፕሮግራሙ ሲከፈት ዛሬም ይታያል። ቪም ውስጥ መጻፍና ማዘዝ ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች ናቸው፤ የለመደው ሰው እጁን ከኪቦርዱ ሳያነሣ ሁሉን ይሠራል። የአማርኛ ኪቦርድ ሲበራ ግን የላቲን ፊደል የሚጠብቁት ትእዛዞች አይሰሙም። ስለዚህ በአማርኛ ለመጻፍ ቋንቋ ደጋግሞ መቀያየር ያደክማል።

ሊኑክስ ላይ አንድ ፋይል ከፍቶ አንድ መስመር ማረም ለሚፈልግ ናኖ ይበቃል፤ ትእዛዞቹ ከስክሪኑ ግርጌ ተጽፈው ይታያሉ። በመስኮት የሚሠራ ከፈለጉ ኬት ጥሩ ነው።

ከመወሰንዎ በፊት ኤዲተሩን በፊደል ይፈትኑት። የመጀመሪያው ፈተና ፍለጋ ነው። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል፤ ተራ ፍለጋ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል አያያቸውም። ሬጌክስ የተባለውን ዘዴ በሚያውቅ ኤዲተር ግን [ጸፀ][ሀሐኀ]ይ ብለው ቢፈልጉ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያገኛሉ። ሁለት ነጥብ ተደጋግሞ የተጻፈበትን ቦታ ሁሉ በአራት ነጥብ መተካትም የአፍታ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ፎንት ነው። ብዙ የኮድ ፎንቶች ፊደላችን ስለሌላቸው ኤዲተሩ ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ ያኔ ዓምዱ ይዛባል፣ ፊደሉም ያንሳል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን በነፃ አውርደው በቅንብሩ ውስጥ ሁለተኛ ፎንት አድርገው ቢያስገቡ ለዓይን ይቀላል። ኮድ ሲጽፉ ደግሞ የአማርኛ ኪቦርድ ሳይጠፋ ቀርቶ ነጠላ ሰረዝ «፣» ከገባ ፕሮግራሙ ስሕተት ይላል፤ የኮድ ስሕተትን የሚያመለክት ኤዲተር ያንን ቶሎ ያሳይዎታል።

ዊንዶውስ ላይ በየቀኑ ለሚጽፍ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስን፣ ፕሮግራሚንግ ለሚማርና በቂ ራም ላለው ቪኤስኮዲየምን፣ ሰርቨር ላይ ለሚሠራ ናኖን፣ በትዕግሥት ለሚማር ቪምን እመክራለሁ። ሁሉም ነፃ ናቸው። ከወሰኑ በኋላ አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ያንኑ ፋይል በሌላ ኤዲተር ይክፈቱት። አንድም ፊደል ሳይለወጥ ከተነበበ የጻፉት የእርስዎ ሆኖ ይቆያል፤ ኤዲተሩን ነገ ቢቀይሩትም የሚያጡት ነገር የለም።