የሐረና ደን እንስሳት አቈጣጠር

የሐረና ደን ከሰነቴ አምባ ደቡባዊ ጫፍ ወደ ዶሎ መና የሚወርድ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በከፊል የሚያቅፈው ደን ሲሆን፣ በላይኛው ዳርቻው አስታ፣ ዝቅ ሲል ኮሶና ቀርከሃ፣ ከዚያም በታች ዝግባና የዱር ቡና ስለሚበቅሉበት፣ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ብዙ ደኖች የተደራረቡበት ስፍራ ነው።

የእንስሳት ብዝኃነት ሲባል የዝርያዎቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ የየዝርያው ቁጥር ምን ያህል የተመጣጠነ መሆኑም ጭምር ነው፤ ዐሥር ዝርያዎች ያሉበት ደን ከእንስሳቱ አብዛኞቹ የአንድ ዝርያ ከሆኑ፣ ዐሥሩ በተቀራረበ ቁጥር ከሚኖሩበት ደን ያነሰ ብዝኃነት አለው። ስለዚህ አጥኚዎች የስም ዝርዝር ስለማይበቃቸው፣ የቅኝት መስመር የሚባሉ ቀጥተኛ መንገዶችን በየከፍታው ይዘረጋሉ፤ በማለዳ በዝግታ እየተጓዙም የታየውን ዝርያ፣ የመንጋውን ብዛትና ከመስመሩ ያለውን ርቀት ይመዘግባሉ። ርቀቱ የሚለካው፣ እንስሳው ከመስመሩ በራቀ መጠን የመታየት ዕድሉ ስለሚቀንስና ይህ ቅነሳ ሲሰላ ሳይታዩ ያለፉትን ለመገመት ስለሚያስችል ነው። ጎርናና ድምፁና ነጭ ጅራቱ የሚያጋልጡት ጉሬዛ ለዚህ ዘዴ ይመቻል።

ሌሊት ለሚንቀሳቀሱት ለነብርና ለጅብ ግን ወጥመድ ካሜራ ያስፈልጋል፤ ይህም ከዛፍ ግንድ ጋር ታስሮ፣ ሙቀት ያለው አካል ሲያልፍ በራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ ነው። የአሜሪካው የአእዋፍ ተመራማሪ ፍራንክ ቻፕማን በፓናማው ባሮ ኮሎራዶ ደሴት በእንስሳቱ መተላለፊያ ላይ ካሜራ አጥምዶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1927 ሲያሳትም ግን፣ ካሜራው ፎቶግራፍ ያነሣ የነበረው እንስሳው ራሱ በሚረግጠው ወይም በሚነካው ገመድ አማካይነት ነበር።

ከዘዴው ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ግን መስመሩ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው የባሌ ጦጣ በሐረና ውስጥ የሚመገበው በአብዛኛው ለጋ የቀርከሃ ቅጠል በመሆኑ፣ ጥናቱ አድካሚውን የቀርከሃ ክልል ከዘለለው፣ ደኑ ከሁሉ አብልጦ ሊጠበቅለት የሚገባው እንስሳ ከመዝገቡ ይቀራል። በመዝገቡ ላይ «አልታየም» እንጂ «የለም» የማይባለው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ አንዱ ቃል በሌላው የሚተካው ያው መስመር በበጋም በክረምትም ደጋግሞ ከተቃኘ በኋላ፣ ያውም በጥንቃቄ ነው።