ወረፋው ስልክ ውስጥ ሲገባ

ቅዳሜ ምሽት በአንድ የአሜሪካ ከተማ፣ ስሙ በገነነ ምግብ ቤት በር ላይ አራት ሆናችሁ ቆማችኋል እንበል። አስተናጋጇ ስንት እንደሆናችሁ ጠይቃ ስማችሁንና ስልክ ቁጥራችሁን ትመዘግብና “45 ደቂቃ ገደማ” ትላለች። ተራችሁ ሲደርስ መልዕክት ይገባላችኋል። ወረፋ አስያዥ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ካለ ደግሞ ገና ከቤት ሳትወጡ ወረፋ መያዝ ትችላላችሁ። ወረፋ የማስያዙ ሥራ ገንዘብም ያስገኛል፤ የልፕ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ኖዌይት የተሰኘውን የፒትስበርግ ወረፋ አስያዥ መተግበሪያ በ40 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

ይሁንና መተግበሪያው ስለገባ በምግብ ቤቱ አንድም ጠረጴዛ አልተጨመረም፤ ወጥ ቤቱም አልፈጠነም። ለተመጋቢው የተሰጠው አዲስ ነገር ግምት ነው። ግምቱ ከየት እንደሚመጣና ለምን እንደሚስት ማወቅ የፈለገ ሰው አንድ መቶ ዓመት ያለፈውን የወረፋ ሳይንስ ማየት አለበት።

ሳይንሱን የጀመረው የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። ለኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ሲሠራ፣ ደዋዮች ብዙ ሳይጉላሉ ለመነጋገር ስንት መስመር እንደሚበቃ ማስላት ነበረበት፤ የመጀመሪያ ጥናቱንም እ.ኤ.አ. በ1909 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካዊው ጆን ሊትል ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሕግ በሒሳብ አረጋገጠ። ሕጉ አጭር ነው፦ በአንድ ቦታ በአማካይ የሚገኘው ሰው ብዛት፣ ሰው የሚገባበት ፍጥነት እያንዳንዱ በአማካይ በሚቆይበት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው።

በዚህ ሕግ መሠረት፣ ምግብ ቤቱ 20 ጠረጴዛ ቢኖረው፣ ሁሉም ቢያዙና አንድ ቡድን በአማካይ 60 ደቂቃ ቢቀመጥ፣ በየ3 ደቂቃው አንድ ጠረጴዛ ይለቀቃል ማለት ነው። በዝርዝሩ 15ኛ ከሆናችሁ 15 በ3 ሲባዛ 45 ደቂቃ ይሆናል። የአስተናጋጇ ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው።

ግን ጠረጴዛ ሁሉ እኩል አይደለም። ከ20ዎቹ 15ቱ ለሁለት ሰው፣ 5ቱ ብቻ ለአራት ሰው የተዘጋጁ ይሁኑ። የሁለት ሰው ጠረጴዛ በየ4 ደቂቃው ሲለቀቅ የአራት ሰው ግን በየ12 ደቂቃው ነው። ከእናንተ ቀድመው ከተመዘገቡት 14 ቡድኖች 5ቱ አራት አራት፣ የቀሩት 9ኙ ሁለት ሁለት ከሆኑ፣ እናንተ ለአራት ሰው ጠረጴዛ 6ኛ ናችሁ፤ 72 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ከኋላችሁ የተመዘገቡት ጥንዶች ደግሞ ለሁለት ሰው ጠረጴዛ 10ኛ ስለሆኑ በ40 ደቂቃ ውስጥ ይቀመጣሉ። ማንም ወረፋ አልሰበረም፤ አንድ ዝርዝር የመሰለው ነገር ሁለት ወረፋ ነበር። ጥሩ መተግበሪያ የቡድኑን ብዛት አስቀድሞ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ግምትን የሚያስት ሌላም ነገር አለ፤ ወረፋ ከእንግዳው ብዛት ጋር እኩል አያድግም። በጣም ቀላሉን የወረፋ ሞዴል እንውሰድ፦ አንድ አገልጋይ ብቻ አለ፤ ደንበኞች እንዳጋጣሚ ይመጣሉ፤ አንዱን ለማስተናገድ በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጃል። አገልጋዩ ከጊዜው ግማሹን ብቻ ሥራ ሲይዝ አማካይ ጥበቃው 10 ደቂቃ ነው። 80 በመቶ ሲይዝ 40፣ 90 በመቶ ሲይዝ ደግሞ 90 ደቂቃ ይደርሳል። ብዙ ጠረጴዛ ባለበት ቤት ጭማሪው ይለዝባል እንጂ ጠባዩ አይለወጥም። አርብ ማታ ጥቂት እንግዶች ሲጨመሩ ወረፋው በድንገት የሚፈነዳው በዚህ ምክንያት ነው።

የሰው አእምሮ ደግሞ ጊዜን በሰዓት ብቻ አይለካም። ዴቪድ ማይስተር እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ጥበቃ ሥነ ልቦና በጻፈው የታወቀ ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ሥራ ፈቶ መጠበቅ ሥራ ይዞ ከመጠበቅ ይረዝማል፤ መጨረሻው ያልታወቀ ጥበቃም መጨረሻው ከታወቀው ይከብዳል፤ ፍትሕ የጎደለው የመሰለ ጥበቃ ደግሞ ፍትሐዊ ከሆነው ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1994 በሲቹዋን የተመሠረተው ሃይዲላኦ የተባለ የቻይና ምግብ ቤት የመጀመሪያውን ነጥብ ጠንቅቆ ያወቀ ይመስላል፤ ተራ ለሚጠብቁ እንግዶች መክሰስ ያቀርባል፣ ጥፍር ያሠራል፣ ጫማ ያስጠርጋል። መተግበሪያ በሌላ መንገድ ወደዚያው ይደርሳል፦ እንግዳውን ይለቅቀዋል። ገበያ የዞረበት ወይም መኪናው ውስጥ ሆኖ ከልጆቹ ጋር የተጫወተበት 45 ደቂቃ ደጃፍ ላይ ከመቆም ጋር አይተካከልም።

ፍትሕን በተመለከተ ግን መተግበሪያው አንድ ነገር ያሳጣል። በአዲስ አበባ የታክሲ ሰልፍ ተራ አስከባሪው ቢዘናጋ እንኳ የተሰለፈው ሰው ዓይን አለ፤ መሐል የገባ ሰው ወዲያው ይጮህበታል። ስልክ ውስጥ ያለውን ወረፋ ግን ማንም አያየውም። ጥንዶቹ ቀድመው ሲቀመጡ ምክንያቱን የሚነግራችሁ ከሌለ ትክክለኛው አሠራር አድልዎ ይመስላል። ስለዚህ “ለአራት ሰው ጠረጴዛ 6ኛ ናችሁ” የሚል መተግበሪያ፣ “15ኛ ናችሁ” ከሚለው ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

የመጨረሻው ችግር ከራሳችን ይመጣል። ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ተራውን በእግሩ ይከፍልበታል፤ በስልክ መመዝገብ ግን ምንም አያስከፍልም። ስለዚህ አንዳንዱ በሦስት ምግብ ቤት ተመዝግቦ ቀድሞ ወደጠራው ይሄዳል። በቀሩት ሁለት ዝርዝሮች ስሙ እንዳለ ነው። ከኋላው ላሉት ሁሉ የሚነገረው ደቂቃ በእሱ ምክንያት ይረዝማል፤ ጥበቃው የበዛበት አዲስ እንግዳ ሳይመዘገብ ይመለሳል፤ ስሙ ሲጠራም ጠረጴዛው ባዶውን ደቂቃዎች ያባክናል። ቤቶቹ በበኩላቸው መልዕክት ከላኩ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ጠብቀው ተራውን ለሌላ በማሳለፍ ይከላከላሉ። ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት ግን በእንግዳው እጅ ነው፦ የቡድኑን ብዛት በትክክል መመዝገብና ሐሳብ ሲቀየር ወዲያው መሰረዝ። ሌሎች ሰዎች የሚያዩት 45 ደቂቃ እውነት የሚሆነው፣ የማይመጣው ሰው አልመጣም ብሎ ሲናገር ነው።