የላም ወተት ከወር ወር ለምን ይለያያል?

በሲኤምሲና በአያት አካባቢ ከሰፈር ላም አርቢዎች ወይም ከሰንዳፋ በኩል ከሚመጣው ትኩስ ወተት የሚገዙ ነዋሪዎች አሉ። ወተቱ የቀጠነ ሲመስል ገዢው ውኃ ተጨምሮበታል ብሎ ይጠረጥራል፤ አርቢውም ቅር ይለዋል። ጥርጣሬው እውነት የሚሆንበት ጊዜ ቢኖርም፣ ልዩነቱ ላሟ ከወለደች ካለፋት ጊዜ የሚመጣበትም ጊዜ አለ።

ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ኬዚን ይባላል። ወተት ረግቶ እርጎና አይብ የሚሆነው በዚሁ ነው። ቀሪው በአብዛኛው ከአጓቱ ጋር የሚወጣው ፕሮቲን ነው።

ላሟ እንደወለደች የምትሰጠው እንገር ከመደበኛው ወተት በአራት እጥፍ ገደማ የበለጠ ፕሮቲን አለው፤ ከዚህም ትልቅ ድርሻ ያለው በሽታ ተከላካይ ነው። ጥጃ ይህን መከላከያ ይዞ አይወለድም፤ አንጀቱም ፕሮቲኑን እንዳለ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንገር ሊጠባ ይገባል።

ከወለደች ከ4 እስከ 8 ሳምንታት ባለው ጊዜ የምትታለበው ወተት ከፍተኛ መጠን ላይ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ቅባት ዝቅተኛ ነው። መጠኑ እየቀነሰ ሲሄድ ወተቱ ይወፍራል። በግጦሽ የምትኖር ላም ግን በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ኃይል ሰጪ መኖ ካላገኘች የወተቷ ፕሮቲን ይጎድላል።

ይሁን እንጂ ወፍራም ወተት ሁሉ ለአይብ የተሻለ አይደለም። በአለባው ማብቂያ ከደም ወደ ወተት የሚገባው ፕላዝሚን የተባለ ኢንዛይም ይበረታና ኬዚኑን ይቆራርጠዋል። ወተቱ በሚገባ አይረጋም፤ ከፕሮቲኑም ከፊሉ ከአጓቱ ጋር ይፈስሳል። የጡት በሽታም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል።

የሐበሻ ላም በአብዛኛው ከ6 እስከ 7 ወር ታልባ ትነጥፋለች። የተዳቀለች ላም መደበኛ የአለባ ዘመን 305 ቀን ያህል ሲሆን፣ በጊዜ ካላረገዘች ከዚያም በላይ ይራዘማል። በመሆኑም የማብቂያው ችግር ይበልጥ የሚያሳስበው የተዳቀሉ ላሞችን ለሚያረባ ሰው ነው።

አርቢው ላሟ የወለደችበትንና የተጠቃችበትን ቀን መዝግቦ ቢይዝ፣ ልትወልድ 2 ወር ሲቀራት አለባውን ማቋረጥ ይችላል። ይህ ዕረፍት ጡቷ ታድሶ ለቀጣዩ አለባ እንዲዘጋጅ ያደርጋል። በተለያየ የአለባ ወር ላይ ያሉ ላሞችን ወተት መቀላቀልም የውፍረቱን ልዩነት ያቀላል።

ገዢውም በዓይን ከመፍረድ ይልቅ በላክቶሜትር ቢያስለካ ይመረጣል። የንጹሕ ወተት እፍጋት 1.030 ገደማ ሲሆን፣ ውኃ ሲጨመርበት ይወርዳል። ቅባቱ የተገፈፈ ወተት ግን መሣሪያውን ሊያታልል ስለሚችል የቅባት ምርመራ ቢታከልበት ፍርዱ የታመነ ይሆናል።